«ለጊዜው ነው ቲቸር»

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ማታ 5 ሰአት ላይ ደወለልኝ። ረመዳን ስለሆነ ድሬ በዛ ሰአት ገና ቀኗን መጀመሯ ነው፣ የሳምቡሳ ዘይት ሽታ በመስኮት ይገባል፣ ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ይራገጣሉ፣ እሱ ጋ ደግሞ ቨርጂኒያ ከቀኑ 9 ሰአት ነው፣ ኤርፖርት ዊልቸር ከሚገፋበት ስራ ብሬክ ወጥቶ ነው የደወለው። ሰላምታው በዛብኝ። ስለ አያቱ ጠየቀ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቀ፣ ከዛ ስለ ድመቷ ሁሉ ጠየቀኝ፣ ይሄ ልጅ የሆነ ነገር ሊነግረኝ ነው አልኩ በሆዴ። መጨረሻ ላይ «አጎቴ ኮሌጁን ለጊዜው ያዝ አድርጌዋለሁ» አለ።

ለጊዜው!

እቺን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። እዚህ ድሬ አውቶ ኤሌክትሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ አመቴን ይዣለሁ፣ እስከ ዛሬ ግን «ትምህርት አቁሜያለሁ» ያለኝ አንድም ወንድ ተማሪ የለም። ሁሉም «ለጊዜው ነው ቲቸር» ነው የሚሉት። ሴቶቹ (ያሉት ጥቂት ናቸው፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው) ሲቸግራቸው መጥተው ያለቅሳሉ ወይ ይቆጡኛል ወይ እናታቸውን ይዘው ከች ይላሉ፣ ወንዶቹ ግን ዝም ብለው ነው የሚጠፉት። አንድ ቀን ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ ሁለት ቀን፣ ከዛ በሳምንቱ አሸዋ ገበያ ጋ ባጃጅ ይዞ ታገኘዋለህ፣ ሊያመልጥህ ይሞክርና ሲያቅተው ፈገግ ብሎ «ለጊዜው ነው ቲቸር፣ ግባ ላድርስህ» ይልሃል። ሂሳብም አይቀበልህም። እሱ ደግሞ ይብሳል።

እኔም ብዬዋለሁ ይሄን ቃል። አንድ አመት ተኩል ሙሉ ነው ያልኩት።

ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ የገባሁት በ22 አመቴ ነው። እህቴ ወዲያው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወስዳ አስመዘገበችኝ። ለማታውቁት፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ማለት አሜሪካ ውስጥ ሺህ አካባቢ ያለ የሁለት አመት ኮሌጅ ነው፣ አብዛኛው የመንግስት ነው፣ ውጤትህ አነሰ ብሎ የሚመልስህ የለም፣ ከዩኒቨርሲቲ በጣም ይረክሳል፣ ወይ አሶሼት ዲግሪህን ይዘህ ትወጣለህ ወይ ክሬዲትህን ተሸክመህ ዩኒቨርሲቲ ሶስተኛ አመት ትገባለህ። ስለዚህ ስደተኛው፣ ጥቁሩ፣ ላቲኖው፣ ማታ የሚሰራው፣ ልጅ ያላት እናት፣ ሁሉም እዛ ነው ያለው። መግቢያው ሰፊ ነው፣ ጨርሶ የሚወጣው ነው ትንሽ፣ ከጥቁርና ከላቲኖ ወንዶች ደግሞ ይበልጥ ትንሽ።

ገና በር ላይ የሂሳብ ፈተና ነበር፣ አይጥልህም፣ የት እንደምትጀምር ነው የሚወስነው። እኔ ድሬ እያለሁ ሂሳብ የሚያስቸግረኝ ልጅ አልነበርኩም። ፈተናው ላይ ግን አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ይሄን ያህል ኒክልና ይሄን ያህል ዳይም አለው የሚል ጥያቄ መጣ፣ እኔ ደግሞ አገሩን ከረገጥኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ኒክል የትኛው ሳንቲም እንደሆነ፣ ዳይም ስንት እንደሆነ ከየት ልወቀው? ትልቁ ሳንቲም ትልቅ ዋጋ አለው ብዬ ሰራሁት። ልክ ተቃራኒው ነው፣ ዳይም ትንሿ ናት 10 ሳንቲም፣ ኒክል ትልቁ ነው 5 ሳንቲም። በእንደዚህ አይነት ነገር ተጠራቅሞ ክሬዲት የሌለው የማጠናከሪያ ሂሳብ ውስጥ ጣሉኝ። ገንዘብ ትከፍላለህ፣ ትማራለህ፣ ወደ ዲግሪህ ግን አይቆጠርም። ብዙ ወንድ እዛ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቀውን ክፍልፋይ እንደገና እየተማረ «እኔ ለካ ደደብ ነኝ» ብሎ። በነገራችን ላይ ካሊፎርኒያ ይሄ ነገር ተማሪ እየበላ መሆኑ ገብቷት በ2017 እ.ኤ.አ. ህግ አወጣች፣ ኮሌጆቹ አብዛኛውን ተማሪ ቀጥታ ወደ ዋናው ኮርስ እንዲያስገቡ። እኔ ጋ አልደረሰም።

ማታ ዲሲ ፓርኪንግ እሰራ ነበር፣ አሜሪካኖቹ ሰአት ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋት 7። ክላስ 8 ላይ ነው። ዩኒፎርሜን ሳልቀይር እገባለሁ፣ አስራ አምስት ደቂቃ አዳምጣለሁ፣ ከዛ ጭንቅላቴ ይወድቃል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የመኪናዬ ዲናሞ ሞተ። አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ያለሷ ደግሞ ስራም የለም ክላስም የለም። ጋራዡ 340 ዶላር አለኝ፣ ከፈልኩ፣ ለመጽሐፍ ያስቀመጥኩት በሙሉ ሄደ፣ ትርፍ ሰአት ገባሁ፣ አንድ ሳምንት ቀረሁ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መመለስ አፈርኩ። አስተማሪው ምን ይለኛል፣ ምን እለዋለሁ፣ እያልኩ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ህንጻውን አይቼ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ያኔ ያላወቅኩት ነገር ምን መሰላችሁ፣ እዛ አገር ዝም ብሎ መጥፋት በገንዘብ ያስቀጣል። ፔል ግራንት የሚባል የማይመለስ የፌደራል እርዳታ አለ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ያገኘዋል። ግን ከሴሚስተሩ 60 በመቶው ሳይሞላ ከጠፋህ ገንዘቡን ገና አልሰራህበትም ይባልና ኮሌጁ የተወሰነውን ለመንግስት ይመልሳል፣ ከዛ ዞሮ አንተን ይጠይቅሃል። በስርአቱ ፎርም ሞልቼ ስላልወጣሁ ደግሞ የወሰድኩት ሁሉ ኤፍ ሆነ። በሁለት ወሩ ደብዳቤ መጣ፣ 712 ዶላር። እሱን ሳትከፍል መመዝገብ የለም፣ ስምህ ላይ ሆልድ ይለጠፋል። ከኪስህ ሰው አይሰርቅህም፣ ግን በር በላይህ ላይ ይቆለፋል።

እማዬ በየሳምንቱ እሁድ ትደውላለች። «ትምህርት እንዴት ነው የኔ ልጅ?» «ጥሩ ነው እማ»። ሰፈር ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም፣ ለባለ ሱቁም ለአትክልት ሻጯም ልጄ ኮሌጅ ነው ብላለች። እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?

አሁን ማይኖሪቲ (አናሳ) ስለሚባለው ቃል ላውራ። በአመቱ ከዛው ኮሌጅ አንድ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ለማይኖሪቲ ወንድ ተማሪዎች የተዘጋጀ ፕሮግራም አለ ና ይላል። ተናደድኩ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ መጥቶ የቆረቆራት ከተማ፣ ኦሮሞው ሶማሌው አማራው ጉራጌው ሐረሪው፣ በፊት ደግሞ አረቡ ግሪኩ አርመኑ ህንዱ አንድ ላይ የበላባት፣ እኛ ጋ ሰው የሚጠየቀው ከየትኛው ሰፈር ነህ፣ ከዚራ መጋላ ወይስ ሳቢያን ተብሎ ነው። ፎርም ላይ ብላክ የምትል ሳጥን ውስጥ ራይት ሳደርግ ራሱ እጄ አመንትቷል፣ ጭራሽ ማይኖሪቲ? አናሳ? ደብዳቤውን ቀድጄ ጣልኩት።

ሰውየው ግን ደወለ። የፕሮግራሙ አማካሪ ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ፣ ድሮ የአውቶብስ ሾፌር የነበረ። አላነሳሁም። በሳምንቱ ደወለ፣ አላነሳሁም። ሶስተኛ ጊዜ በስህተት አነሳሁት። ለምን ወደቅክ ይለኛል ብዬ መልስ እያዘጋጀሁ «ከስራ ስንት ሰአት ነው የምትወጣው?» አለኝ። 7 ሰአት አልኩት። «ታዲያ ማን ነው 8 ሰአት ክላስ ያስያዘህ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ነው የጣለኝ፣ እውነቴን ነው። ስሄድ ቢሮ አላስቀመጠኝም፣ ክንዴን ይዞ ደረጃውን አውርዶ ፋይናንሻል ኤይድ መስኮት ጋ አቆመኝና አጠገቤ ቆመ። ብቻዬን ብሆን ወረፋውን አይቼ ነበር የምመለሰው። 712ቱ በወር በወር 60 ዶላር ሆነ፣ ኤፉን የሚያብራራ ይግባኝ ደብዳቤ አብረን ጻፍን፣ ክላሴ ከሰአት ሆነ።

እሮብ እሮብ ምሳ ሰአት ላይ ወንዶቹ እንሰበሰብ ነበር፣ ፒዛ አለ። አንድ የሳልቫዶር ልጅ ጣሪያ የሚሰራ፣ አንድ የሄይቲ ልጅ፣ ሶስት አራት የፒጂ ካውንቲ (ዲሲ አጠገብ ያለ የሜሪላንድ አካባቢ) ልጆች። መጀመሪያ ለፒዛው ነው የሄድኩት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሳልቫዶሩ ልጅ ቀና ሳይል «እኔ መኪና ውስጥ ነው የማድረው» አለ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዛ አንዱ ቀጠለ፣ ከዛ ሌላው፣ ለካ ሁላችንም ለእናታችን ጥሩ ነው ጥሩ ነው ስንል የከረምን ነን። ያን ቀን ነው ማይኖሪቲ የሚለው ቃል ስድብ እንዳልሆነ የገባኝ፣ ስለ ቆዳዬ ብቻም አልነበረም፣ ሲቸግረው የሚደውልለት ኮሌጅ የጨረሰ ዘመድ ስለሌለው ሰው ነው። የሁለት አመቱን በአራት አመት ጨረስኩ።

ግን ፒዛና ቲሸርት ተማሪ ያስመርቃል እያልኩ አይደለም። ብዙ ኮሌጅ እንደዛ እየመሰለው ክበብ ያቋቁማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። የሚሰራው ነገር ሲታወቅ ቆይቷል'ኮ። ኒውዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ውስጥ አሳፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ፣ ለዘር ወይ ለጾታ ያልተለየ፣ ግን ተማሪዎቹ በብዛት እንደኛ አይነት ናቸው። እርዳታው ሳይሸፍን የቀረውን የትምህርት ክፍያ ይሞላል፣ የመጽሐፍ ይሰጣል፣ የትራንስፖርት ካርድ ይሰጣል፣ አማካሪው ጥቂት ተማሪ ስለሚይዝ ቶሎ ቶሎ ታገኘዋለህ፣ በምላሹ ሙሉ ሰአት ትማራለህ። ኤምዲአርሲ የሚባል የጥናት ድርጅት ተማሪዎቹን በእጣ ለሁለት ከፍሎ አየው፣ በሶስት አመት ውስጥ ከአሳፖቹ 40 በመቶ ሲመረቁ ከሌሎቹ 22 በመቶ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኦሃዮ ሶስት ኮሌጆች ወስደው ሞከሩት፣ እዛም 35 በመቶ ሲመረቁ ከሌሎቹ 19። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ብር በዝቷል፣ ነገር ግን ኒውዮርክ ላይ ወጪውን ለተመራቂው ብዛት ሲያካፍሉት ረከሰ፣ ምክንያቱም ሳይጨርስ በሚሄደው ልጅ ላይ የሚባክነው ቀነሰ። ዝርዝሩን ሳየው እኔን የገረመኝ የትራንስፖርት ካርዷ ናት። የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ይሄ ልጅ ክላስ በምን ይመጣል ብሎ አስቧል።

አትላንታ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንሽ ብር ጎድሎት ከምዝገባ ሊሰረዝ ለደረሰ ተማሪ ሳይጠየቅ አካውንቱ ላይ ያስገባለታል፣ ብዙውን ጊዜ ከሺህ ዶላር በታች ነው። ሳይጠየቅ የምትለዋን አስምሩባት፣ ወንድ አይጠይቅማ! ሉክ ውድና ፍራንክ ሃሪስ የሚባሉ ሳንዲያጎ ስቴት ላይ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ስላሉ ጥቁርና ላቲኖ ወንዶች ለአመታት ያጠኑ ምሁራን ደጋግመው የሚሉትም ይሄንኑ ነው፣ እርዳታ መለመን ውርደት ስለሚመስለው ቢሮ ከፍተህ አትጠብቀው፣ ሂድለት።

ድሬ ስመለስ ይሄን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ። ግን ስሙ ምን እንደሆንኩ።

አምና አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ እጁ ወርቅ ነው፣ በቴስተር ብቻ ሾርት ያለበትን ሽቦ ከነቦታው ያወጣልሃል። ሁልጊዜ የመጀመሪያው የተግባር ክፍል ላይ አሮጌ ዲናሞ ፈትቼ ካርቦኑን አሳያቸዋለሁ፣ ያለቀችውን ቁራጭ ካርቦን እጃቸው ላይ አስቀምጬ «እቺ ናት 340 ዶላር ያስከፈለችኝ፣ እሷን ብቻ ብቀይር አስር ዶላር አይሞላም ነበር» እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። እሱ አልሳቀም፣ ካርቦኗን ገልብጦ አያት፣ «ቲቸር ስፕሪንጉም ደክሞ ነበር ማለት ነው» አለኝ። እንደዛ አይነት ልጅ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ጠፋ። እኔ ምን አደረግኩ? ስሙ ጎን ኤክስ አደረግኩ። በወሩ ነው ባጃጅ ላይ ያገኘሁት፣ ለጊዜው ነው ቲቸር አለኝ፣ እሺ በርታ ብዬው ወረድኩ። ወርጄ አስር እርምጃ ሳልሄድ ያ አውቶብስ ሾፌር ትዝ አለኝና ተመለስኩ፣ «ባጃጁን ስንት ሰአት ነው የምትረከበው?» አልኩት። ጠዋት 12 ሰአት። ለባለቤቱ በቀን ገቢ ያስገባል፣ የቀረው የሱ ነው። ብሩ አስፈልጎህ ነው የተውከው አልኩት፣ አይደለም አለኝ። ታዲያ? ዞር አለ። ጫማ ነው። ያለ ሴፍቲ ጫማ ዎርክሾፕ አይገባም የሚል ህግ ወጥቶ ጥበቃው ሶስት ቀን ከበር መለሰው፣ በሶስተኛው ቀን ሴቶቹ እያዩት። ህጉ ትክክል ነው፣ እግሩ ላይ ባትሪ ቢወድቅስ፣ ግን ከበር የተመለሰን ልጅ ስም እኔ ጋ የሚያመጣ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ሰልባጅ ተራ ላይ 900 ብር የሚሸጥ ጫማ።

እነዚህ ልጆች እኛ ጋ የሚመጡት ደግሞ ቀድሞ ወድቀሃል ተብለው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከግማሽ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። ከቀሩት ከአስሩ ዘጠኝ በላይ ከሚሆኑት ስንቱ ነው ቴክኒክና ሙያ ፈልጎት የሚገባው፣ አብዛኛው የተረፈ ወንበር ነው ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስልጠናው 70 በመቶ ተግባር 30 በመቶ ቲዎሪ ነው ይባላል፣ ተግባሩን ለመስራት ግን ጫማ አምጣ፣ ቱታ አምጣ፣ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ክፈል ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ማይኖሪቲ የሚባል የለም፣ ኦሮምኛውም ሶማልኛውም አማርኛውም አንድ ላይ ይንጫጫል፣ ግን ያ እሮብ እሮብ የነበረው ክፍል ትዝ የሚለኝ እነሱን ሳያቸው ነው።

ከዛ ወዲህ አንድ ደብተር ይዣለሁ። ቴክኖሎጂ ምናምን የለውም፣ ደብተር ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ስልክ፣ የእናቱ ወይ የወንድሙ ስልክ፣ ስራ ካለው ስንት ሰአት እንደሚገባ። ሁለተኛው ቀን ላይ ከቀረ እደውላለሁ፣ ለምን ቀረህ አልልም፣ ስራ ስንት ሰአት ትወጣለህ ነው የምለው። አምና ከጠፉት አምስቱ ሁለቱ ተመልሰዋል፣ ባለ ባጃጁ አንዱ ነው፣ ወደ ማታው ተዛውሯል። ሶስቱ አልተመለሱም። አንዱ ጅቡቲ ነው ይላሉ፣ አንዱ ስልኩ አይሰራም፣ ሶስተኛው ያነሳል፣ «ለጊዜው ነው ቲቸር» ይላል፣ እኔም በየወሩ እደውላለሁ፣ ሰልችቶታል መሰለኝ። አንድ ጓደኛዬ «አንተ አስተማሪ ነህ ወይስ አበዳሪ?» ብሎ ስቆብኛል። ሁለቱም አይመስለኝም።

እና የእህቴን ልጅ ምን አልኩት? መጀመሪያ ልቆጣው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እናትህ እንዲህ ለፍታ ምናምን። ዋጥ አደረግኩትና «ስንተኛ ሳምንት ላይ ናችሁ?» አልኩት። ግራ ገባው። ሰባተኛ። «ከክላስ ከቀረህ ስንት ቀን ሆነህ?» ስድስት ቀን። «ፎርም ሞልተህ ነው የወጣኸው ወይስ ዝም ብለህ?» ዝም አለ። እንግዲህ ገና ነው፣ 60 በመቶው የሚሞላው ዘጠነኛው ሳምንት አካባቢ ነው፣ አስተማሪዎቹም በስድስት ቀን ተስፋ አይቆርጡበትም። ምን ጎደለህ ስለው ሲያንገራግር ቆይቶ ላፕቶፑ መሰበሩን ነገረኝ፣ የቤት ስራው በሙሉ ኦንላይን ነው፣ በስልክ እየሞከረ ነበር፣ እናቱ ደግሞ ሁለት ስራ ስለምትሰራ ሊነግራት አልቻለም። ላፕቶፕ! ብዙ ኮሌጅ'ኮ ላይብረሪው ላፕቶፕ ያውሳል። ያንተ ያውስ እንደሆነ ነገ ጠይቅ አልኩት። አላውቅም ነበር አለ። ጠይቀህ ታውቃለህ ስለው ደሞ ዝም።

ስማ፣ ለእናትህ አልነግራትም፣ ግን ነገ ሄደህ ወረፋው ላይ ስትቆም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ካልላክህ እኔ ራሴ እደውላለሁ፣ በየቀኑ፣ ድሬ ደግሞ በረመዳን እንቅልፍ የለም አልኩት። ሳቀ። «አጎቴ አታካብደው» አለኝ።

በነጋታው አልላከም። ደወልኩ፣ አላነሳም። በሁለተኛው ቀን ደወልኩ፣ አላነሳም። ትላንት ማታ ከጓደኞቼ ጋ ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ስልኬ ጢን አለች። ፎቶ ነው፣ የተጣጠፈች የወረፋ ቁጥር በአውራ ጣቱ ይዟታል፣ 47 ትላለች፣ ከጀርባ ስክሪኑ ላይ 31 ይላል። ከስሩ «ገና ነው፣ አትደውል» ብሎ ጽፏል።